የመጀመሪያው አይቆጠርም

ጦይባ ሱሌማንን ያወቅኋት በክረምት ነው። የክረምት ተማሪዎች ነን። እኔ ባሕር ዳር አጠገብ ባለችው ሰባታሚት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ እሷ ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት። ዲፕሎማችንን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ክረምት በመጣ ቁጥር ባሕር ዳር ገብተን ሂሳብ እንማራለን። ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ እሸት በቆሎ ሲጠብስ እኛ በጭቃ እየተንሸራተትን ክፍል እንገባለን። በእኔ ዕድሜ! ትልቋ ልጄ ቀድማኝ ተመርቃለች፤ ጠዋት ስወጣ «እማዬ፣ የቤት ሥራሽን ያዝሽ?» እያለች ትስቅብኛለች።

የመጀመሪያ ቀን ጦይባ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ካላወራሁ ያመኛል፤ እሷ ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣትም። ዝምተኛ ሰው እንዴት እንደሚያናድደኝ! ደብተሯን ከፈተች፣ ስልኳን አውጥታ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መምህር ጌትነት ገቡ። ልጅ እግር ናቸው፤ ግን መምህር መምህር ነው፣ አንቱ እላቸዋለሁ።

«ስልክ ይጥፋ» አሉ። ሁላችንም አጠፋን። የጦይባ እንደበራ ነው።

«የኔ እህት፣ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ መምህር። አላጠፋም። ካስቸገርሁ በር ላይ ቆሜ እማራለሁ።»

በስመ አብ! እሷ እቴ፣ እውነትም ተነሥታ ደብተሯንና ስልኳን ይዛ በሩ ጋ ቆመች። ቆማ መጻፍ ጀመረች። መምህር ጌትነት ትንሽ ዐዩዋትና «ነይ ተቀመጪ፤ ድምፁን ብቻ ቀንሺው» አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ስልኳ ተናግረዋት አያውቁም።

ስንወጣ አላስችል አለኝ። «ባል ነው?» አልኋት።

«ወንድሜ ነው» አለች። «አብዱልሃኪም።»

ታላቋ ነው። አባታቸው ጋሽ ሱሌማን ጀልባ ይሠራሉ፤ ሐይቁ ላይ ስማቸውን የማያውቅ የለም። ልጃቸውም ሙያቸውን ወርሶ ካርቱም ወርዶ አናጢ ሆነ። ለራሱ ጀልባ የሚሆን ሞተር ይዤ እመጣለሁ ብሎ ነበር የሄደው። ሱዳን ጦርነቱ ሲነሣ ለጦይባ ደወለላት፤ «ወጥቻለሁ፤ ወደ መተማ መንገድ ላይ ነኝ። አባን ጀልባዬን ይጀምርልኝ በይው» አላት። ስልኩ ተቋረጠ። በዚያው ድምፁ ጠፋ።

«ስደውል አይሠራም ይለኛል» አለችኝ። «ግን ቁጥሬን በቃሉ ያውቀዋል። ከማንም ስልክ ላይ ሊደውል ይችላል። ባጠፋው ጊዜ ቢደውልስ?»

«በይ ነይ፣ አብረን እናጥና» አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ማጥናት ጀመርን።

የምናጠናው እነሱ ቤት ነበር፤ ቤታቸው ከሐይቁ ዳር ነው። ወርካው ሥር የጋሽ ሱሌማን የሥራ ቦታ አለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ። እዳሱ ውስጥ የአብዱልሃኪም ጀልባ ቆሟል። አቤት ማማሩ! የዋንዛ እንጨት፣ መጋጠሚያው ሁሉ በጥጥ ተደፍኖ፣ ሰማያዊ ተቀብቶ። ያለቀ ጀልባ ነው። ብቻ አፍንጫው ላይ አንድ የምስማር ቀዳዳ ባዶውን ቀርቷል።

የቤቱ ወግ ነው። ጋሽ ሱሌማን፣ አባታቸውም ከእሳቸው በፊት፣ ጀልባ ሲሠሩ የመጨረሻውን ምስማር አይመቱም። የሚመታው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ምስማሩን ሳይመታ ያ ጀልባ ውሃ አይነካም። ስለዚህ ጀልባው ሦስተኛ ክረምቱን ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ አብዱልሃኪምን ይጠብቃል። ደቅ ደሴት እህልና ሎሚ የሚያመላልሱት አቶ ወልደ ጻድቅ ስንቴ መጥተው ለምነዋል። ጋሽ ሱሌማን «ባለቤት አለው» ይሉና ወደ መጋዛቸው ይመለሳሉ።

ታዲያ እኛ ጀልባው ጥላ ሥር ተቀምጠን ኢንዳክሽን እንለማመዳለን። ያ ኢንዳክሽን የሚሉት ጉድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነገር ለቁጥር ሁሉ እውነት ነው ለማለት ቁጥሩን ሁሉ አንድ ባንድ መሞከር አይቻልም፤ ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ እውነት መሆኑን ታሳያለህ፤ ይህ መነሻው ነው። ቀጥለህ፣ ለአንዱ ቁጥር እውነት ከሆነ ለተከታዩም እውነት መሆኑ እንደማይቀር ታረጋግጣለህ፤ ይህ እርምጃው ነው። ሁለቱን ከያዝህ ከአንድ ሁለት፣ ከሁለት ሦስት እያለ ራሱ ይሄድልሃል።

እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ደሜ ፈላ። «የማረጋግጠውን ነገር አስቀድሜ እውነት ነው ብዬ ልነሣ? ይሄማ ማጭበርበር ነው!» ብዬ ደብተሬን ወረወርሁት።

ጦይባ አንሥታ ጭቃውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገችልኝ። በነጠላዬ! «‹ነው› አላልንም እኮ እትዬ ፀሐይ» አለች። «‹ከሆነ› ነው ያልን። ‹ከሆነ› ማለት ምንም አይከለክልም።»

እርምጃውን እንደ እሷ የሚሠራ አልነበረም። መምህር ጌትነት ራሳቸው ወረቀቷን ለክፍሉ ያነቡልን ነበር። መነሻው ላይ ግን ጉድ ፈላ። ፈተና መጣ፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት እያሉ ጎዶሎ ቁጥሮችን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢደምሯቸው ድምሩ የብዛታቸው ካሬ ይሆናል፣ አረጋግጡ የሚል። ጦይባ መነሻዋን ከሁለት አደረገችው፤ አንድና ሦስት አራት ነው ብላ ጀመረች። እርምጃው አንድ እንከን የለውም። ያገኘችው ዜሮ!

«አንዱስ የት ሄደ?» አሏት መምህር ጌትነት።

እውነት እላችኋለሁ፣ የምን አንድ እንደሚሏት አልገባትም። ቤቷ ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ። እነሱ ቤት ከመረብ መጀመሪያ የሚወጣው ዓሣ ሰደቃ ነው፤ ለችግረኛ ይሰጣል። የአላህ ስለሆነ አይቆጠርም። ልጅ ሆና አባቷ የሚያጠምዱትን ዓሣ የምትቆጥረው እሷ ነበረች፤ የመጀመሪያውን ለብቻው አስቀምጣ ከሁለተኛው ትጀምራለች። ዛሬ መምህርት ሆናም እጇ ያንኑ ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ዘልላ ነው የምትነሣው።

«በሉ እንግዲህ!» አልሁ። «ዲግሪሽን በሰደቃ ልታስበዪው ነው?» ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው፤ ስትስቅ ገና ልጅ ናት። እኔም ከዚያ ወዲህ እንደ ጠበቃ ሆንሁባት። አንድ ነገር ላረጋግጥ ብላ አፏን ስትከፍት «መነሻውስ?» እላለሁ። እሷ «አንቺ ሴትዮ!» ትላለች፤ ትመለስና አንዱን ትጽፋለች።

ጠንካራው ኢንዳክሽን ሲመጣ ባሰብን። ስትሮንግ ይሉታል። እዚህ ከአንዱ ወደ ተከታዩ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ያሉትን ሁሉ መደገፍ ትችላለህ። ጦይባ በዓሣ አስረዳችኝ። የእነሱ ሰፈር ሰው ቀረሶ የሚሉትን ዓሣ ሐይቁ ዳር በሚበቅለው ደንገል ልጥ ይሰካና ሦስት ሦስት፣ አምስት አምስት አድርጎ ያስራል። ገዢው ከስምንት ጀምሮ የፈለገውን ያህል ቢጠይቅ እስር ሳይፈታ መስጠት ይቻላል፤ ይህን አረጋግጪ አለችኝ።

«ቀላል ነው» አልሁ። «ስምንት ሦስትና አምስት ነው። ከዚያ በላይ የመጣውን ሦስት ቀንሼለት፣ የቀረውን ከኋላ አግኝቼ፣ አንድ የሦስት እስር እጨምርለታለሁ።»

«አሥር ቢልሽስ? ሦስት ስትቀንሺ ሰባት። ሰባትን በምን ታስሪዋለሽ?»

አፈርሁ። ሰባት አይታሰርም። ለካስ አንድ መነሻ አይበቃውም፤ ስምንትን፣ ዘጠኝንና አሥርን ሦስቱንም በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በነሱ ላይ ይቆማል። እኔ «መነሻ፣ መነሻ» እያልሁ የምጮኸው ሴትዮ መነሻ ጎደለኝ! ጦይባ እየሳቀች «ይሄን እኔንና አብዱን አባ ነው ያስተማረን» አለች፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ ስልኳ ሄደ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጨዋታው ሞቅ ሲል ስሙ ይመጣል፣ ስሙ ሲመጣ ዓይኗ ይሄዳል።

እናቷ እትዬ ዘሀራ ምሳ ሲያቀርቡ ከዓሣው ወፍራሙን መርጠው ሳህን ይደፉበታል። «የአብዱ ነው» ይላሉ። ማታ የሚበላው ከሌለ ለጎረቤት ይሰጣል። በነጋታው ደግሞ ሌላ ይመረጣል። እኔ አልቃሻ አይደለሁም፤ ግን ያቺን የተደፋች ሳህን ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞራለሁ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ አቶ ወልደ ጻድቅ እንደገና መጡ። ጀልባቸው ማዕበል መትቶት ተሰብሯል። ደቅ ላይ ያለው እህል ሊበሰብስ ነው። «ጋሼ ሱሌማን፣ ልጅዎ ሲመጣ እኔው እመልስለታለሁ» አሉ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ጋሽ ሱሌማን ያን ቀን «ባለቤት አለው» አላሉም። «ነገ ይምጡ» አሏቸው።

ጦይባ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አባ፣ ምን ማለትህ ነው?»

«እንጨት በደረቅ ሲቆም ይሰነጠቃል ልጄ።»

«የአብዱ ነው!»

«ጦይባ» አሉ ጋሽ ሱሌማን፤ መዶሻቸውን እንደያዙ ጉቶው ላይ ተቀመጡ። «ስንት ቀን ጠበቅን? አንድም ቀን አልመጣም። ነገ ይመጣል የምትይው በምን ሂሳብ ነው? ትማሪ የለ? በትምህርትሽ ንገሪኝ።»

እሷም ነገረቻቸው። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ግን አይሳሳትም። «አባ፣ ብዙ ቀን አለመምጣቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ሺህ ቢሆንም አይሆንም። ዛሬ ካልመጣ ነገም አይመጣም የሚል እርምጃ የለም፤ ማንም ሊያሳየኝ አይችልም። የኔ እርምጃ ግን አለ። ወሬ ባልሰማንበት ቀን ሁሉ ተስፋ አለ። ዛሬ ተስፋ ካለን፣ ነገም ክፉ ወሬ ካልሰማን፣ ነገም ተስፋ አለን። ከነገ ወዲያም። እንዲህ እያለ ይሄዳል፣ አይቆምም። ጀልባውን አትስጠው።»

እኔ ምን ነካኝ? አፌ ለምዷል። ክረምቱን ሙሉ ስለው የከረምሁትን፣ ሳላስበው፣ «መነሻውስ?» አልሁ።

ምላሴን በነከስሁት! ግን ጦይባ አልተቆጣችም። እንደ ሁልጊዜው መልስ ልትሰጠኝ አፏን ከፈተች። «መነሻውማ የደወለልኝ በነጋታው...» አለችና ቆመች። «በነጋታው መንገድ ላይ ነው ብለን አልቆጠርነውም። መጠበቅ የጀመርነው ከሁለተኛው ቀን ነው።»

ጋሽ ሱሌማን መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ።

«አባ?» አለች።

ጎንበስ ብለው መዶሻውን አንሥተው ጉቶው ሥር አኖሩት። ከሐይቁ በኩል ዝናቡ እየመጣ ነበር፣ ደንገሉ ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

«በመጀመሪያው ቀን ተደውሎልኝ ነበር» አሉ።

«ማን?» አለች ጦይባ።

«እዚሁ ሆኜ ነው ያነሣሁት። የማላውቀው ድምፅ ነው። የአብዱልሃኪም አባት ነዎት ወይ አለኝ፤ ነኝ አልሁት። አብረን ነበር የወጣነው አለኝ። መተማ ሳንደርስ ጥይት መኪናዋን አገኛት አለኝ። በእጃችን ቀበርነው አለኝ። የለበሰውን ሸሚዝ ነገረኝ፣ እናትሽ የላከችለትን። እኔ ኔትወርኩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይሰማ ነበር ልጄ። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ቤት ስገባ እናትሽ ‹ዛሬ መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬን አንቆጥረውም፣ ከነገ ጀምረን እንጠብቀው› አለችኝ። ፊቷ በራ ብሎ። እኔም አልቆጠርሁትም።»

«ጀልባውን ግን ሠራኸው።»

«እጄ ምን ይሥራ? ሠርቼ ስጨርስ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ምስማሩ ሲቀር አቃተኝ።» ከሸሚዛቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ምስማሩ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ደረታቸው ላይ ይዘውት ይዞሩ ነበር።

ጦይባ ትጮሃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮኸችም። ሄዳ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ራሷን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። «ብቻህን» አለች። «ብቻህን ይዘኸው!» እኔ ነበርሁ የምጮኸው፤ እትዬ ዘሀራ ከቤት ሮጠው የወጡት የኔን ድምፅ ሰምተው ነው። የባላቸውን ፊት አዩ፣ የልጃቸውን ጀርባ አዩ፣ ማንም ምንም ሳይነግራቸው «ኢናሊላሂ» ብለው እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ሶላት ተሰገደ፣ ዱዓ ተደረገ። የሰባታሚት መምህራን ይዤ ለቅሶ ደረስሁ። መምህር ጌትነትም መጥተው በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ከወንዶቹ ጋር ሲቀመጡ ዐየሁ። ለጦይባ ፈተናውን አቆዩላት። አቶ ወልደ ጻድቅ ደግሞ ጀልባ የሚለውን ቃል ከአፋቸው አላወጡም፤ ከደቅ በትንሽ የደንገል ታንኳ ሎሚ ጭነው መጥተው አስቀምጠው ሄዱ።

እኔ ራሴን ረግሜአለሁ፣ አልዋሽም። ምነው ምላሴ በተቆረጠ እያልሁ። እትዬ ዘሀራን ያን የተደፋ ሳህን የነጠቅኋቸው እኔ ነኝ እያልሁ። ለቅሶው ሲያበቃ ይህንኑ ለጦይባ ነገርኋት፤ እጄን ያዘችና «እናቴ ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት» አለችኝ። «ድሮ በር የተንኳኳ እየመሰላት ሌሊቱን ሙሉ ትባንን ነበር።»

ምስማሩን የመታችው ጦይባ ናት። ጋሽ ሱሌማን መዶሻውን ሰጧት፣ እሳቸው እንጨቱን ደግፈው ያዙ። መጀመሪያ ሳተችው፤ ቀጥላ ስትመታው ገባ። ሰማያዊው ጀልባ ውሃ ነካ። አቶ ወልደ ጻድቅ መቅዘፊያውን ይዘው ሲርቁ ሁላችንም ዳር ቆመን ዐየነው፤ ቢስሚላህ የሚለውም ነበረ፣ የሚያማትበውም። እትዬ ዘሀራ ደንገሉ እስኪሸፍነው ድረስ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር።

ከዚያ ፈተናው ደረሰ። እኔ የራሴን ጨርሻለሁ፤ ግን ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ አብሬያት ሄድሁ፣ መምህር ጌትነትም ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ጦይባ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ እንደ ልማዷ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እሷ ትንሽ ዐየችው። ከዚያ አጠፋችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመርሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ስትወጣ ዝናቡ አባርቷል። ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ይዘን ሄድን።

«እትዬ ፀሐይ» አለችኝ ወርካው ጋ ስንደርስ።

«ወዬ።»

«አንደኛውን ቆጠርሁት።»

«ጎሽ!» አልኋት። ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች፣ ቁልፉን ተጭና ያዘችው፤ እስኪበራ ድረስ ሁለታችንም ቆመን ዐየነው።